ኮምፕሬሰራችንን ላዳኑልን ጋሼ ምስጋና፣ ሞተር እየጠፋባችሁ ለተቸገራችሁም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንድም ለማመስገን ነው። አንድም በሰሜን ሸዋ ኮምፕሬሰር፣ ጀነሬተር ወይም የውሃ ፓምፕ ይዛችሁ የምትሠሩ ሰዎች፣ ማሽኑ እየተነሳ እየጠፋ ሲያስቸግራችሁ ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት ማንን መጥራት እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

እኛ የውሃ መስመር ቦይ ነው የምንቆፍረው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ያለውን ጥቁር ድንጋይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዶማ አይነካውም። ሥራው በጃክ ሀመር፣ በአየር ግፊት በሚመታው የድንጋይ መፍለጫ ነው። ጃክ ሀመሩን የምታንቀሳቅሰው ደግሞ ከመኪና ኋላ የምትጎተት የናፍጣ ኮምፕሬሰር ናት። እሷ ከቆመች ሁላችንም ቆምን ማለት ነው። የቀን ሠራተኛ ክፍያ ግን አይቆምም።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ኮምፕሬሰሯ ያለምንም ማንገራገር ትነሳለች። ያለ ሥራ ከተዋት እስከ ማታ ትሄዳለች። ጃክ ሀመሩ መምታት ሲጀምርና ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ግን ትንሽ ትቆይና ጭጭ። ፓነሉ ላይ የዘይት መብራት ቦግ ይላል። ዘይቱን ስንለካው ልኩ ላይ ነው። መልሰን ስናስነሳት ትነሳለች፣ መልሳ ትጠፋለች።

መካኒክ አላጣንም። አንዱ ገና ክዳኗን ሳይከፍት «ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት መቀመጫ) በልቷል፣ የዘይት ፖምፓውም ደክሟል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለ። የጠራው ዋጋ ደግሞ ወንበር የሚያስፈልገው ዓይነት ነው። ሌላው «ከፍታው ነው፣ እዚህ አገር አየር ቀጭን ነው» አለን። አየሩ ቀጭን መሆኑስ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ100 ሜትሩ በግምት 1 በመቶ ጉልበት ያጣል። ግን ከፍታ ሞተርን ያደክማል፣ ጥቁር ጭስ ያስተፋዋል እንጂ በድንገት አያጠፋውም። ሦስተኛው ደግሞ የባሰ መፍትሔ አመጣ። «ዘይት ሲያጥር ሞተሩን የሚያጠፋውን መከላከያ በጥሰን ቀጥታ እናገናኘው፣ ከዚያ አይጠፋም» አለ።

በመጨረሻ አንድ ሹፌር ስለ ጋሼ ነገረን። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፤ ብዙ ዘመን የመንገድ ሥራ ማሽኖች ላይ ሠርተዋል። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስላስጠነቀቁኝ አላወጣም።

ስልክ ስደውል ስለ ዋጋም ስለ ሞዴልም አልጠየቁኝም። «ሲጠፋ እንዴት አድርጎ ነው የሚጠፋው?» አሉኝ። አልገባኝም። «ተንገዳግዶ ነው ወይስ አንዴ ነው ጸጥ የሚለው?» አንዴ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ሞተሩን ማንም እንዳይነካው። ነገ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

ነገሩን በኋላ አስረዱኝ፤ እናንተም ብታውቁት ይጠቅማችኋል። ናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። ስለዚህ ለማጥፋት የሚቆረጥ እሳት የለም፤ የሚቆረጠው ናፍጣው ነው። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ማሽኖች ላይ ናፍጣውን የሚከፍት፣ ሶሌኖይድ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሠራ መክፈቻ አለ። ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ከፍቶ ይይዛል። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ስፕሪንጉ ይመልሰውና ናፍጣው ይዘጋል። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር በአንዲት ሽቦ ምክንያት ሊጠፋ ይችላል። በሽቦ ሲጠፋ ደግሞ ቁልፍ እንደዘጋህበት ሁሉ አንዴ ነው ጸጥ የሚለው። ናፍጣ ሲያጥረው፣ ማለትም ፊልትሮ ሲዘጋ፣ አየር ሲገባ ወይም የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ሲደፈን፣ ሳል እንደያዘው ሰው እየተንገታገተ፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚሞተው። ጋሼ በአንዲት ጥያቄ ግማሹን ሥራ በስልክ ጨረሱት ማለት ነው።

በማግስቱ መጡ። ትንሽ አርፍደው ነው፣ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የዘይቱን መብራት አለማመን ነው። «ይቺ መብራት ሞተር በጠፋ ቁጥር ትበራለች፤ ሞተር ሲቆም የዘይት ግፊትም ይወርዳላ!» አሉ። ፓነላችን የድሮ ነው፤ ቀድሞ የመጣው ጥፋት የቱ እንደሆነ አይመዘግብም። እኛ ግን ሁላችንም መብራቷን አይተን ፈርደናል።

ከዚያ የዘይት ግፊት መኖር አለመኖሩን ለፓነሉ የሚነግረውን ስዊች ፈትተው በቦታው ግፊቱን የሚለካ የመርፌ ጌጅ አሰሩ። ስዊቹንም አልጣሉትም፣ በመጋጠሚያ ጎን ለጎን ሰቀሉት። አስነሱ፣ ጃክ ሀመሩም ይምታ አሉ። ሞተሩ ሞቀ። ጌጁ ወደ 4 ባር ላይ ቆሟል። ሞተሩ ጭጭ ሲል መርፌዋ እዚያው ነበረች፤ የወረደችው ሞተሩ መዞር ሲያቆም ነው። ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው «ብሮንዚንህ ደህና ነው፣ ተኛ» አሉኝ። ያኔ የተሰማኝን ሞተር ይውረድ ተብሎ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል።

ቀጥሎ የስዊቹን ሽቦ ነቀሉና ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፈቱ። የኛ ስዊች አንድ ሽቦ ያለው ነው። ግፊት በሌለ ጊዜ ሽቦውን ከማሽኑ አካል ጋር ያገናኛል፣ ማሳ ይሰጠዋል፤ ግፊት ሲመጣ ይለቀዋል። ስለዚህ ሽቦው ተነቅሎ ሳለ መብራቷ መጥፋት አለባት። ጠፋች። «አሁን አንዱ የሽቦውን ገመድ ከዚህ እስከዚያ ያወዛውዝ፣ አንዱ መብራቷን ይይ» አሉ። ከኛ ልጆች አንዱ እያወዛወዘ ወደ ኋላ ሄደ። ሽቦው በላሜራው ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ ሲደርስ መብራቷ ብልጭ አለች።

ተገኘ! ቀዳዳው ላይ መኖር የነበረበት ጎማ ከጊዜ ብዛት ወልቆ ጠፍቷል። የላሜራው ጠርዝ የሽቦውን ልባስ በልቶታል። ሞተሩ ዝም ብሎ ሲሄድ አይነካካም። ፍጥነት ሲጨምርና ሲንቀጠቀጥ ግን ሽቦው ላሜራውን ይነካል። ለፓነሉ ያ ማለት «ዘይት የለም» ማለት ነው፤ ወዲያው ሶሌኖይዱን ይዘጋል። ጉልበት ያነሰው የመሰለን ለዚህ ነው፣ ሁልጊዜ ሥራ ሲበዛበት ነበራ የሚጠፋው።

ጥገናውም ላይ አልተቻኮሉም። በናስትሮ ጠቅልሎ መሄድ ይቻል ነበር። እሳቸው ግን የተበላውን ቆርጠው አዲስ ሽቦ በሊድ በየዱ፣ መሸፈኛ አለበሱት፣ ከአሮጌ የጎማ ቱቦ ቆርጠው ቀዳዳው ላይ አደረጉ፣ ሽቦው እንዳይወዛወዝም አሰሩት። ቀጥለው የሌሎቹንም ስዊቾች ሽቦ አዩ። እንዲህ ባለው ኮምፕሬሰር ላይ የዘይቱ ብቻ ሳይሆን የሞተሩ ውሃ ሙቀትና ከአየር መጭመቂያው የሚወጣው ሙቀትም ሞተሩን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሁሉም በዚያው ቀዳዳ ነው የሚያልፉት። ከዚያ ድንጋይ እየፈለጥን እስከ ምሳ ድረስ አብረውን ቆዩ። አልጠፋችም። ከዚያ ወዲህም አልጠፋችም።

«ቀጥታ እናገናኘው» ያለውን ሰውዬ ነገር ሳጫውታቸው ተቆጡ። ዘይቱ የእውነት ያለቀ ቀን ሞተሩን የሚያድነው ያ ስዊች ብቻ ነው አሉ። በጥሶ የሚሄድ መካኒክ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል፤ የተቃጠለው ሞተር ግን ካንተ ጋር ይቀራል።

እንግዲህ እንዳመሰገንኩ ሁሉ እውነቱንም ልናገር። ጋሼ ጠዋት ስልክ አያነሱም። በሚካኤልና በማርያም ቀን ብትለምኗቸውም ቁልፍ አይጨብጡም። ሥራ ላይ ሳሉ አጠገባቸው ቆሞ «አልቋል ወይ?» የሚልን ሰው አይወዱም፤ እኔን የእጅ ባትሪ አስይዘው ዝም አሰኝተውኛል። ዋጋቸው ግን ሐቀኛ ነው። የተቀየረ ዕቃ ስለሌለ የዕቃ አልጠየቁም፤ የድካማቸውንና የመንገዳቸውን ነው የከፈልኳቸው። የተቆረጠችውንም ሽቦ በእጄ አስጨብጠውኝ ነው የሄዱት።

ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የምታለሙ ወንድሞች፣ ጣርማበርን ወርደው ወደ እናንተም ይመጣሉ። የቆላው ነገር ሌላ ነው ይላሉ። እዚያ ፓምፕ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ የእውነት ሙቀት ነው፤ ራዲያተሩ በአቧራና በገለባ ይደፈናል፣ ቺንጋውም ይላላል። እሱን መጥረግና ማጥበቅ መካኒክ አይፈልግም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራሳችሁ አድርጉት። የባትሪውን ካቦ ጥብቀትና የናፍጣ ፊልትሮው ውስጥ ውሃ መኖር አለመኖሩንም እዩ። ይህን ሁሉ አይታችሁ ካልሆነ ነው ጋሼን መጥራት።

ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ጠይቄያቸው እሰጣለሁ። ስትደውሉ ማሽኑ ሲጠፋ እንዴት እንደሚጠፋና የቱ መብራት ቀድሞ እንደሚበራ አይታችሁ ጠብቁ። ቪዲዮ ቢኖራችሁ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ከመምጣታቸው በፊት ማሽኑን አትጠቡት፤ ዘይትና ናፍጣ የት የት እንዳፈሰሰ በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ።