ጅማ ላላችሁ ወላጆች፦ የልጄን ጆሮ ላየልኝ ባለሙያ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። ጅማና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ አፉን ያልፈታ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ አንብቡት። ሼር አድርጉትም።

ልጄ ሁለት ዓመት አልፎት "እማ" እንኳን አላለኝም። ይዤው ያልዞርኩበት የለም። አንዱ ጋ ስሄድ ቀና ብሎ ሳያየው "ወንዶች ይዘገያሉ" አለኝ። ሌላ ቦታ ካርድ አውጥቼ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ የቫይታሚን ሽሮፕ ይዤ ወጣሁ። አንዷ ደግሞ "ስልክ እየሰጣችሁ ታደነዝዟቸውና..." ብላ እኔኑ ገላመጠችኝ። ቤታችን ልጅ ስልክ አይነካም! ስማቸውን አልጠራም፣ እግዜር ይያቸው። የዚያን ቀን ከመርካቶ እስከ ቤት ድረስ ባጃጅ ውስጥ እንዴት እንዳለቀስኩ። የባጃጁ ልጅ ሂሳብ አልቀበልም አለኝ።

እሱን ያገኘሁት በጎረቤቴ ጥቆማ ነው። የመስማት ምርመራ የሚሠራ ወጣት ነው። ገና ስንገባ ልጄን አጫወተው፣ ልጄም ሳቀለት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ክላሰር አንስቶ አፉን ሸፈነና በዚያው ድምፅ ጠራው። ልጄ ዝም። ክላሰሩን አወረደው፣ ልጄ ሳቀ። ደግሞ ሸፈነው። ዝም። "እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ነው፤ ከንፈር እያየ ነው የሚግባባው። በደንብ አይሰማም" አለኝ። በማሽን የመረመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ መስመሩና ስለ ቁጥሩ አትጠይቁኝ፣ ምንም አልገባኝም። የክላሰሯ ግን ገብታኛለች። ያን ሁሉ ቦታ ስዞር ይቺን ያደረገ አንድ ሰው አልነበረም።

አማቴ አብረውኝ ነበሩ። "አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው፣ እንጠብቅ" አሉ። አልተቆጣቸውም። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና በኦሮምኛ ስለ ጫጩት ያወራቸው ጀመር። አዎ፣ ጫጩት! አማቴ ዶሮ ያረባሉ፤ በአንድ ጊዜ ልባቸውን ገዛው።

ኤድዊን ሩበል የሚባል አሜሪካዊ የአንጎል ተመራማሪ አለ አለን። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት የሠራው ጆሮና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ላይ ነው። ጫጩት ከጆሮው የሚመጣው ነገር ሲቋረጥ፣ አንጎሉ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ሴሎች ይኮማተራሉ፣ ከፊሎቹም ይሞታሉ። ባደገ ዶሮ ላይ ግን ጉዳቱ እንደዚያ አይከፋም። በፈረንጆቹ 1988 ላይ ደግሞ እሱና ባልደረባው፣ ሌላም ቡድን በዚያው ጊዜ፣ በወፎች ጆሮ ውስጥ የተጎዱ የመስሚያ ሴሎች ተመልሰው እንደሚበቅሉ አሳዩ። የሰው አይበቅልም። አማቴ "ታዲያ ዶሮ በለጠችን በለኛ!" ብለው ሳቁ።

አኑ ሻርማ ስለምትባል ተመራማሪም ነገረን። መስማት ሳይችሉ ተወልደው በቀዶ ሕክምና የመስሚያ መሣሪያ የተተከለላቸውን ልጆች አጥንታለች። ከ3 ዓመት ተኩል በፊት ከተተከለላቸው፣ አንጎላቸው ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ሌሎች ልጆች ጋ ይደርሳል። ከ7 ዓመት በኋላ ከሆነ ግን አብዛኞቹ አይደርሱም። "የእናንተ ልጅ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፣ ከጆሮ ጀርባ የሚደረገው ይበቃዋል። ጊዜው ግን አይጠብቀንም" አለ። "መቼ እናምጣው?" ያሉት አማቴ ናቸው!

አሁን ልጄ መሣሪያውን ያደርጋል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ እርጥበቱ መሣሪያ ያበላሻል። ማታ ማታ ባትሪውን አውጥቼ ደረቅ ቦታ እንዳስቀምጥ ያሳየኝ እሱ ነው። እሑድ ብደውልም ያነሳል። አንድ ቀን እንኳን "ነግሬሽ የለ" አላለኝም። ስንት ቦታ ተሰድቤ ለመጣሁት ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የልጄ የመጀመሪያ ቃል ምን እንደሆነ ገምቱ። "ቡና"! የጎረቤቶቻችን ጥሪ ነዋ። እኔ "እማ" ስጠብቅ... ትንሽ ቀናሁ፣ ግን ይሁን፣ የጅማ ልጅ ነው። "እማ"ም መጥታለች።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ፣ ልጆችህን ይባርክልህ። ገለቶሚ። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ ነው የዘለልኩት። የምትፈልጉት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ያለበትን እነግራችኋለሁ። ልጃችሁ ስትጠሩት ከንፈራችሁን እንዳያይ ከጀርባው ሆናችሁ ጥሩት። ካልዞረ፣ ማንም "ይጠብቅ" ቢላችሁ አትስሙ፣ ውሰዱት። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሰልፉ አይቻልም።