ካርታው በእጅ፣ መሬቱ በሰው ሰርቨር፦ በአያት ዳርቻ የሚሰጥ የሜታቨርስና የብሎክቼይን ሥልጠና ሲገመገም

ከአያት የባቡር ማብቂያ አልፎ ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ምድር ቤቱ የግንባታ ዕቃ መሸጫ በሆነ ሕንፃ ላይ፣ ቅዳሜና እሑድ የሜታቨርስና የብሎክቼይን መሠረታዊ ሥልጠና የሚሰጥ አንድ አነስተኛ ማዕከል አለ። ሜታቨርስ ሰዎች በኮምፒውተር ወይም በልዩ መነጽር ገብተው የሚገናኙበት ምናባዊ ዓለም ነው፤ ብሎክቼይን ደግሞ ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት ዲጂታል መዝገብ ነው። ክፍያው 4,500 ብር ነው፤ ምሳ አይጨምርም። ይህን ግምገማ የምጽፈው በከተማዋ ዳርቻ እንዲህ ያለውን ትምህርት በአማርኛ የሚሰጥ ቦታ ማግኘት ቀላል ስላልሆነና ሊመዘገቡ የሚያስቡ ሰዎች በገንዘባቸው ምን እንደሚያገኙ አስቀድመው ቢያውቁ ስለሚበጃቸው ነው። የማቀርበው ቅሬታም ስላለ የማዕከሉን ስም መጥቀስ አልፈለግሁም።

ፍርዴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፣ ማዕከሉ ብሎክቼይንን የሚያስረዳበት መንገድ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ነው፤ ሜታቨርስን የሚያሳይበት መንገድ አዝናኝ ቢሆንም ጥልቀት ይጎድለዋል፤ ሁለቱ በምን እንደሚገናኙ የሚያብራራው ክፍል ደግሞ አሠልጣኙ ሲናገር የጠራ፣ ማስታወቂያው ሲናገር የተምታታ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በሙሉ ለብሎክቼይን የተመደበ ነው። አሠልጣኙ እንደ ብዙዎቹ የዘርፉ ሰባኪዎች በብሎክቼይን ላይ ከሚሠራው ዲጂታል ገንዘብ ከቢትኮይን ዋጋ አልጀመረም፤ ለዚህ ብቻ ምስጋና ይገባዋል። የተነሣው ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው የዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ ሲሆን፣ በዚያ ጽሑፍ የቀረበውን ጥያቄ፣ ማለትም እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች መሐል ላይ ባንክ ሳይኖር አንድን የሒሳብ መዝገብ እንዴት ሳይጭበረበሩ በጋራ ሊይዙ እንደሚችሉ፣ ጊዜ ወስዶ አስረዳ። ከዚያም ሠልጣኞች ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ሻ-256 በሚባለው ስሌት ውስጥ «አያት» የሚለውን ስም እንዲያስገቡ አደረገ። በፊደልና በቁጥር የተሰባጠረ ባለ 64 ምልክት ውጤት ወጣ። ቀጥሎ በዚያው ስም መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ብቻ እንዲጨምሩ ሲያዝዝ፣ ርዝመቱ ያው 64 ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከቀድሞው ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰል ሆነ። እያንዳንዱ የመዝገብ ክፍል የቀዳሚውን ክፍል እንዲህ ያለ አሻራ በውስጡ ስለሚይዝ፣ የትናንቱን ገጽ በምሥጢር የነካ ሰው ከዚያ በኋላ ያሉትን ገጾች ሁሉ እንደሚያፋልስና፣ ቅጂው በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ስላለም ወዲያው እንደሚጋለጥ ሲያብራራ፣ በአዳራሹ ውስጥ ያልገባው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የጉዳዩን ሌላ ገጽም አልሸሸገም። የቴሌብር ሒሳባችን የሚያዘው በአንድ ድርጅት መዝገብ ላይ ስለሆነ ስሕተት ሲፈጠር ደውለን የምናመለክትበት አካል አለ። በብሎክቼይን ላይ ግን የዲጂታል ቦርሳውን መክፈቻ 12 ቃላት የጣለ ሰው ንብረቱን ጣለ ማለት ነው፤ ቃላቱን ሌላ ሰው ካገኛቸው ደግሞ ንብረቱ የዚያ ሰው ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ክፍል አንድ የሚታረም ነገር አለ። በስክሪን የታየው ጽሑፍ ብሎክቼይን ሁሉ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚበላ አስመስሎ ያቀርባል። ይህ ለቢትኮይን እውነት ነው፤ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ላይ ኃይል የሚገዙ የቢትኮይን ማይኒንግ (አዲስ ቢትኮይን በኮምፒውተር ስሌት የማውጣት ሥራ) ድርጅቶች ወደ አገራችን የመጡትም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረውና አብዛኛው የምናባዊ መሬት (በሜታቨርስ ውስጥ ያለ ቦታ) ሽያጭ የተመዘገበበት ኢቴሪየም የተባለው ሌላ ብሎክቼይን ግን በመስከረም 2022 የአሠራር ለውጥ አድርጎ የኃይል ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። 4,500 ብር የሚያስከፍል ማዕከል ስላይዱን ማደስ አያቅተውም።

ሁለተኛው ቀን የሜታቨርስ ነው። ለመላው አዳራሽ ኩዌስት 2 የሚባሉ ሁለት የምናባዊ ዓለም ማያ መነጽሮች ብቻ ስለቀረቡ አብዛኛው ረፋድ ወረፋ በመጠበቅ አለፈ። መነጽሩ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከፊቴ ተራ የደረሳት ሠልጣኝ ሹሩባዋ ከማሰሪያው ጋር ስላልተስማማ ረዳቱ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ማሰር ነበረበት፤ የዓይን መነጽር የሚያደርጉም የራሳቸውን አውልቀው በብዥታ ለማየት ተገደዋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ኢንተርኔቱ ግን ለመመለስ የሻይ ዕረፍቱን ያህል ፈጀ። በጠፈር ጣቢያ ውስጥ የመንሳፈፉን ልምምድ ያገኘ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ መውጣቱን መመስከር እችላለሁ፤ አንድ ሁለት ሰዎች የማቅለሽለሽ ስሜት ተሰምቷቸው በረንዳ ላይ አየር ሲወስዱ ቆይተዋል።

ነገር ግን በዚያ መነጽር ውስጥ ካየነው አንዱም ከብሎክቼይን ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ሰዎች በአቫታር፣ ማለትም እነሱን በሚወክል ምስል፣ የሚገናኙባቸው፣ የሚሠሩባቸውና የሚገበያዩባቸው ዓለማት ያለ ብሎክቼይን ከጀመሩ ቆይተዋል። ሰከንድ ላይፍ እ.ኤ.አ. በ2003 የራሱን መገበያያ ይዞ ተከፍቷል፤ ሮብሎክስ በ2006 ተከትሏል፤ በሚያዝያ 2020 በፎርትናይት ውስጥ የቀረበ አንድ የሙዚቃ ዝግጅት 12.3 ሚሊዮን ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ አሰባስቧል። ፌስቡክ በጥቅምት 2021 የኩባንያውን ስም ሜታ ብሎ ሲለውጥና በየዓመቱ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ለሚያስመዘግብ ክፍሉ ገንዘብ ሲያፈስም፣ ዓለሙ የቆመው በራሱ ሰርቨር ላይ ነው። በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ በፕሮጀክተር የጎበኘነው ዲሴንትራላንድ የተባለ ምናባዊ ዓለም በብሎክቼይን ላይ የተመሠረተ ቢሆንም የገባንበት በተራ ኮምፒውተር እንጂ በመነጽር አልነበረም። ማስታወቂያው ሁለቱን በአንድ ፎቶግራፍ አጣምሮ፣ መነጽር ያደረገች ወጣት በቢትኮይን ምልክቶች ተከባ ስትንሳፈፍ ያሳያል። እንዲህ ያለ ነገር በሥልጠናው ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

የሁለቱ ትክክለኛ መገናኛ ባለቤትነት ነው፤ ሥልጠናው በጣም የተሳካለትም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ለሕዝብ የተከፈተው ዲሴንትራላንድ በ90,601 ቁራሽ መሬት የተከፋፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁራሽ 16 በ16 ሜትር ነው። 256 ካሬ ማለት ነው፤ አያት ላይ ይህን ያህል ቦታ ያለው ሰው ሥልጠና አያስፈልገውም። የእያንዳንዱ ቁራሽ ባለቤትነት ኤንኤፍቲ፣ ማለትም ሌላ አምሳያ የሌለው የዲጂታል ባለቤትነት ማስረጃ፣ ሆኖ በኢቴሪየም ላይ ስለሚመዘገብ፣ ባለቤቱ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሊሸጠው ይችላል። በዚህ መሐል ጡረታ የወጡ ቀያሽ መሆናቸውን ቀድመው የነገሩን አዛውንት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቦታ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካርታ የሚከበረው ከኋላው ማዘጋጃ ቤት ስላለ ነው። የዚህኛው ማዘጋጃ ቤት ማን ነው?»

አሠልጣኙ ለመመለስ አልቸኮለም። «ጋሼ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። ብሎክቼይኑ የሚመሰክረው ካርታው በእርስዎ እጅ መሆኑን ብቻ ነው። ቦታው ቦታ ሆኖ የሚቆየው ግን ዓለሙን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ሰርቨራቸውን እስካላጠፉ ድረስ ነው» አላቸው።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በጉዳዩ ላይ አልሰማሁም፤ እውነተኛ ምሳሌም አለው። ኤፍ ዋን ዴልታ ታይም በተባለ የብሎክቼይን የመኪና ውድድር ጨዋታ ውስጥ አንድ መኪና እ.ኤ.አ. በ2019 ከ100,000 ዶላር በላይ ተሽጦ ነበር። ጨዋታው በፎርሙላ ዋን ስም የመጠቀም ፈቃዱ ባለመታደሱ በመጋቢት 2022 ሲዘጋ፣ የባለቤትነት ምዝገባው በኢቴሪየም ላይ ሳይነካ ቀረ፤ መኪናው የሚነዳበት መንገድ ግን አልነበረም። አሳታሚው ለባለንብረቶቹ በሌላ ጨዋታ ምትክ አቅርቦላቸዋል፤ ምትኩን የሰጠው ግን የድርጅቱ በጎ ፈቃድ እንጂ ብሎክቼይኑ አይደለም።

አዛውንቱ ያላነሡት፣ አሠልጣኙም የዘለለው አንድ ነጥብ አለ። በአያትና በጣፎ መሬት የሚወደደው አስፋልት፣ ውሃና መብራት ስለተጠጋው ነው። በዲሴንትራላንድ ግን የቦታውን ቁጥር የጻፈ ሰው ሁሉ ከየትኛውም ጥግ በቅጽበት ስለሚደርስ፣ ከአደባባይ መራቅና መቅረብ ትርጉሙ እጅግ ይሳሳል። የቁራሾቹ ቁጥር የተገደበ መሆኑም የሚያዋጣው በዚያ ዓለም አጥር ውስጥ ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ዘ ሳንድቦክስ 166,464 ቁራሾች አሉት፤ ነገ ሌላ ዓለም እንዳይፈጠር የሚከለክል የለም። በኅዳር 2021 በዲሴንትራላንድ የፋሽን መንደር አንድ ይዞታ በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ የዓለሙ መገበያያ ማና 4 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2022 ማብቂያ ከግማሽ ዶላር በታች ወርዷል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ «የልምድ ልውውጥ» ተብሎ ቢጻፍም፣ የቀረበልን እንግዳ የምናባዊ መሬት ሻጭ ነበር። በብር ከፍለን እሱ በስማችን እንደሚገዛልን፣ የቦርሳውን 12 ቃላትም «ለጀማሪ እንዳይከብድ» እሱ ዘንድ እንደሚያስቀምጥልን በልበ ሙሉነት አስረዳን። በመጀመሪያው ቀን የተማርነውን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሰው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ምናባዊ ገንዘቦችን ለክፍያና ለግብይት መጠቀም ሕገወጥ መሆኑን ማሳሰቡን ከመድረኩ ማንም አላነሣም፤ አንዲት ሠልጣኝ ስትጠይቅ «እሱ እየተስተካከለ ነው» የሚል መልስ ብቻ ተሰጣት። አሠልጣኙ በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ትምህርት ከፍሎ የመጣን ሰው ለደላላ አሳልፎ መስጠት ማዕከሉን የሚያስከብረው ሥራ አይደለም።

የምስክር ወረቀቱ ጉዳይ ትንሽ ያስቃል። በሥልጠናው ላይ ትምህርት ሚኒስቴር የካርዳኖን ብሎክቼይን ከሚያለማው ድርጅት ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በብሎክቼይን ለመመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገው ዕቅድ በጥሩ ምሳሌነት ተነሥቶ ነበር። እኛ የተቀበልነው ግን ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ ስሜ በአንድ ፊደል ተሳስቶ የተጻፈበት ወረቀት ነው።

አዳራሹ ንጹሕ ነው፤ ወንበሮቹ ለረጅም ሰዓት ይመቻሉ፤ ሊፍት ስለሌለ ደረጃ ለሚቸግረው ሰው ይከብዳል። የራስን ላፕቶፕ ይዞ መሄድ ግድ ነው፤ ስልክ ላይ ዳታ መሙላትም እንዲሁ። ማዕከሉ በማስታወቂያው ባይገልጸውም የመጀመሪያውን ቀን ለብቻው በ2,000 ብር መውሰድ ይቻላል። ይህንን የሚናገሩት ሲጠየቁ ብቻ ስለሆነ ምዝገባው ላይ ጠይቁ።