ስቶክሊ ወይስ አርማዳ? አንዳንድ የስኪ ብራንዶች በፍሪስታይል ውድድር የማይታዩበት ምክንያትና የገዢው ምርጫ

በ2022ቱ የቤጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ ማርኮ ኦደርማት በጃይንት ስላሎም (በበሮች መካከል እየታጠፉ በሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ወርቅ ያጠለቀው በስቶክሊ ስኪ ነው። እዚያው አይሊን ጉ በፋክሽን ስኪ ሁለት ወርቅና አንድ ብር ወሰደች፤ ወርቁ በቢግ ኤር (ከትልቅ መወጣጫ በሚደረግ ዝላይ) እና በሃፍፓይፕ (በግማሽ ቧንቧ ቅርጽ በተሠራ በረዶ ውስጥ)፣ ብሩ በስሎፕስታይል (በተከታታይ ዝላዮችና ሬል በሚባሉ የብረት ሐዲዶች ላይ)። ሦስቱም በአየር ላይ ጥበብ የሚታይባቸው የፍሪስታይል ውድድሮች ናቸው። ስቶክሊም ፋክሽንም የስዊዘርላንድ ብራንዶች ናቸው። ስቶክሊን ግን ስሎፕስታይል ላይ የሚያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ይህን የታዘበ ገዢ ጥራቱን ይጠራጠራል። ጥራቱ አይታማም፤ ለሌላ ሥራ የተሠራ ስኪ ነው።

እንደ ስቶክሊ ሌዘር ባሉ የፒስት (በማሽን የተስተካከለ የበረዶ መንገድ) ስኪዎች ውስጥ፣ ከመሃሉ እንጨት በላይና በታች ቲታናል የሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ተነጥፏል። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ስኪው በጠጠረ በረዶ ላይ በፍጥነት ሲሄድ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው እሱ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ነው። ከዝላይ ሲመለሱ ክብደትዎ በሙሉ ጅራቱ ላይ ቢያርፍ፣ እንጨትና ፋይበርግላስ ብቻ ያለው ስኪ ካልተሰበረ ተመልሶ ይቃናል። ቲታናል ያለው ግን ጎብጦ ሊቀር ይችላል፤ የጎበጠን ስኪ ደግሞ እንደ ቀድሞው ማድረግ አይቻልም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክብደቱም አለ። አየር ላይ ለሚሽከረከር ሰው በአፍንጫውና በጅራቱ ላይ የተጨመረ ግራም መሃል ላይ ካለው ይልቅ ይጎትተዋል።

ከብረቱ ቀጥሎ የፒስትና የፍሪስታይል ስኪን የሚለያያቸው ጫማው የሚታሰርበት የማሰሪያው ቦታ ነው። በፒስት ስኪ ማሰሪያው ብዙውን ጊዜ ከስኪው መሃል ከ8 እስከ 12 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይገባል፤ በአርማዳ ኤአርቪ ወይም በላይንና በፋክሽን ብራንዶች የፓርክ (ዝላይና ሬል የተዘጋጀበት ሜዳ) ስኪ ግን ከመሃሉ እስከ 3 ሴንቲሜትር ቢርቅ ነው። ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ለሚዘልና ለሚያርፍ ሰው ከፊቱም ከኋላውም ተቀራራቢ ርዝመት ያስፈልገዋል፤ ጅራቱም እንደ አፍንጫው ወደ ላይ መቀልበስ አለበት። የሌዘር ጅራት ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደ ኋላ ሲሄዱበት በረዶው ውስጥ ይሰካል። የብረት ጠርዙም ይለያል፦ የፓርኩ 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ወፍራም ሆኖ የሬል ምት እንዲችል ይሠራል፤ የእሽቅድምድሙ 2 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው።

የገበያው ጉዳይም አለበት። ላይን በ1995፣ አርማዳ በ2002 የተቋቋሙት በራሳቸው በፍሪስታይል ስኪተኞች ነው። ስሎፕስታይልና ሃፍፓይፕ ኦሎምፒክ የገቡት ከዚያ በኋላ፣ በ2014 ሶቺ ላይ ነው። የፓርክ ደንበኛ በአብዛኛው ወጣት ነው፤ ስኪ ቶሎ ይሰብራል፣ ውድ ስኪም አይገዛም። ከ1935 ጀምሮ ስሙን በፒስት ላይ የገነባ እንደ ስቶክሊ ያለ ፋብሪካ ለዚህ ገበያ አዲስ ቅርጽ ማውጫና የራሱ ቡድን ያስፈልገዋል።

ፍሪስታይል ሲባል ግን አንድ ውድድር ብቻ እንዳይመስልዎ። ዓለም አቀፉ የስኪና የስኖውቦርድ ፌዴሬሽን ስኪ ክሮስን (ብዙ ስኪተኞች አብረው የሚሽቀዳደሙበትን) እዚያው ውስጥ ይመድባል፤ በስኪ ክሮስ ደግሞ ስቶክሊ በደንብ ይታወቃል። ሞጉል (በጉብታዎች የተሞላ ቁልቁለት) ላይ በተራው የጃፓኑ ብራንድ አይዲ ዋን ስሙ የገነነ ነው፤ የሞጉል ኮከቡ ሚካኤል ኪንግስበሪ የተወዳደረው በእሱ ነው። የሞጉል ስኪ ወገቡ (የመሃሉ ስፋት) 65 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ በመሆኑ ለፓርክ አይመከርም።

እንግዲህ የትኛውን ይግዙ? ቀኑን ሙሉ በተስተካከለ ፒስት ላይ የሚታጠፉ ከሆነ ሌዘርን የመሰለ ብረት ያለው ስኪ ይውሰዱ፤ ከፍሪስታይል መድረክ መጥፋቱ አያሳስብዎ። ከጊዜዎ ግማሽ በላይ ፓርክ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ኤአርቪን፣ ላይንን ወይም ፋክሽንን ይምረጡ፣ ወገቡ ከ84 እስከ 96 ሚሊሜትር ይሁን። የሃፍፓይፕ ግድግዳ በረዶው ጠጣር ስለሆነ ጠበብ ያለው ይሻላል። ለድብልቅ አጠቃቀም እንደ አቶሚክ ቤንት ወይም ፎልክል ሪቮልት ያለው ይበቃል። ዴንቨር ሆነው ልጆቻቸውን ኮፐር ማውንቴን ወይም ብሬከንሪጅ ለሚወስዱ ወላጆች በእኛ ግምት የሚስማማው ይኸኛው ነው፤ ልጁ ጠዋት ፒስት፣ ከሰዓት ፓርክ ነውና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርዝመት ላይ ነው። ጅራቱ የተቀለበሰ ስኪ በረዶ የሚነካው ክፍል አጭር ስለሆነ፣ ለፒስት ከሚወስዱት 5 ሴንቲሜትር ያህል ይጨምሩ። ለሬል ከሆነ ደግሞ ከእግር ሥር ያለውን ጠርዝ በሞረድ ትንሽ ያደንዝዙት፤ የተሳለ ጠርዝ ሬሉን ነክሶ ይጥላል። ለሃፍፓይፕ ግን እንደተሳለ ይተዉት። የማሰሪያው ፍሬን (ስኪው ከእግር ሲወልቅ የሚያቆመው) ከወገቡ እስከ 15 ሚሊሜትር ቢሰፋ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ሲታጠፉ በረዶውን ይጎትታል።

ያገለገለ ስኪ ከሆነ ሁለቱን በወለላቸው ያጋጥሙና ወገባቸውን በእጅ ጨምቀው ወደ ብርሃን ይያዙ። አፍንጫና ጅራት አካባቢ ክፍተቱ ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ አንዱ ጎብጧል፣ አይግዙ። ቀጥሎ ከማሰሪያው ሥር ጠርዙን በጥፍርዎ ይዳብሱ። ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ከሆነ ይሠራል፤ ጠርዙ ከጎኑ ተላቆ ጥፍርዎ የሚገባበት ከሆነ ግን ውኃ ወደ እንጨቱ ይገባልና ይተዉት።