በገመድ ወይስ በዋይፋይ? አዲሱ ኮምፒውተር ራውተሩን ሲያጣ

አዲስ ኮምፒውተር ኢንተርኔት እምቢ ካለ መጀመሪያ በኔትወርክ ገመድ ይሞክሩት፤ ችግሩ የት እንዳለ ቶሎ ይለያል። ገመዱን ራውተሩ (ኢንተርኔቱን ለቤቱ መሣሪያዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ «ላን» ከተባለው የቤት ውስጥ መሣሪያዎች ቀዳዳ ቀጭ እስኪል ይሰኩ፤ ብዙ ሰው በስህተት ከውጭ ለሚመጣው መስመር በተሠራው «ዋን» ላይ ይሰካል። ከቀዳዳው አጠገብ መብራት ካልበራ ገመዱን ይቀይሩ። መብራቱ እያለ የኮምፒውተሩ የአይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚለይበት ቁጥር) በ169.254 ከጀመረ፣ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ራውተሩን ከሶኬት ነቅለው 30 ሰከንድ ያህል ቆይተው ይመልሱ። አድራሻው በ192.168 ጀምሮ ስልክዎም በዚያው ራውተር ምንም ካልከፈተ፣ ኮምፒውተሩን ይተዉትና የመስመሩን ችግር ኢንተርኔቱን ለሚሰጥዎ ድርጅት ያስመዝግቡ። ስልኩ እየሠራ ኮምፒውተሩ ብቻ ገጽ ካልከፈተ ቀኑንና ሰዓቱን ይዩ፤ ከተሳሳተ ብዙ ገጾች አይከፈቱም።

ገመዱ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። አንዷ ስትበጠስ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1000 ሜጋቢት ወደ 100 ሊወርድ ይችላል፤ ይህ በጣም ያደናግራል።

ዋይፋይ ለላፕቶፕ ይመቻል፣ ግድግዳም አያስበሳም። የዋይፋይ ምልክቱ ጨርሶ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ድራይቨር (የዋይፋይ ክፍሉን የሚያሠራው ፕሮግራም) ነው፤ ስልክዎን በዩኤስቢ አገናኝተው በስልኩ ዳታ ያውርዱት። ከዋይፋይ ሞገዶች 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋል፤ 2.4ቱ ርቆ ይደርሳል። ቆርቆሮ ግን ሁለቱንም ይመልሳል፤ ራውተሩን ከቆርቆሮ ግድግዳ ያርቁ።

ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ገመዱን እንመርጣለን። የጅማ ዝናብ ከመብረቅ ጋር ሲመጣ ግን፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ የስልክ መስመሩንም የኃይል ገመዱንም ከራውተሩ ይንቀሉ።