ከአዝራሩ በፊትና በኋላ፦ የተከታተልሁት የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ሥልጠና ሲመዘን

የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስትነት፣ ማለትም በራጅና በመሰል መሣሪያዎች የሰውነትን የውስጥ ምስል የማንሣት ሙያ፣ ሥልጠናዬን አጠናቅቄ በሙያው መሥራት ከጀመርሁ ወዲህ፣ የተማርሁትን በየዕለቱ ከሥራው ጋር እያመሳከርሁ ቆይቻለሁ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሥራው ሕመምተኛውን አቁሞ አዝራር መጫን ይመስላል። ሥልጠናው መመዘን ያለበት ግን አዝራሩ ከመጫኑ በፊትና ምስሉ ከወጣ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ምን ያህል ያስተምራል በሚለው ነው። የተከታተልሁትን ሥልጠና በዚህ መለኪያ ስመዝነው በብዙ ነገር ጠንካራ፣ በሁለት ዋና ነገሮች ግን ደካማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የተቋሙን ስም አልጠቅስም።

ከሁሉ አስቀድሜ ላመሰግን የሚገባኝ የጨረር ፊዚክስ ትምህርቱን ነው። ብዙ ተማሪ የሚፈራው ይህ ትምህርት ለእኛ በሰሌዳ ላይ ብቻ አልተሰጠም። መምህራችን የሰውን አካል የሚተካ የፕላስቲክ ሞዴል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ኪሎቮልቱን (የጨረሩን የመዝለቅ ኃይል የሚወስነውን) በ15 በመቶ መጨመር ዲቴክተሩ (ጨረሩን ተቀብሎ ምስሉን የሚፈጥረው ሰሌዳ) ላይ በሚደርሰው ጨረር ረገድ ሚሊአምፔር ሰከንዱን (የሚለቀቀውን የጨረር ብዛት የሚወስነውን) በእጥፍ ከማሳደግ ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንደሚሰጥ፣ ነገር ግን የምስሉን ንፅፅር እንደሚቀንስ በዓይናችን እንድናይ አደረጉን። በሌላ ቀን የጨረር መለኪያውን ከምንጩ አንድ ሜትር፣ ቀጥሎም ሁለት ሜትር ላይ አስቀምጠን ንባቡ ወደ ሩብ ሲወርድ ተመለከትን። ዛሬ በተንቀሳቃሽ መሣሪያ አልጋ ላይ ላለ ሕመምተኛ ራጅ ሳነሣ፣ የአዝራሩ ገመድ እስከፈቀደልኝ ድረስ ወደ ኋላ የምርቀው ያ ንባብ ከአእምሮዬ ስለማይጠፋ ነው።

ሕመምተኛን በትክክል ማስቀመጥ፣ በሙያው ፖዚሽኒንግ የምንለው፣ በቤተ ሙከራ በደንብ ተሰጥቶናል። ጨረር ሳይለቀቅ እርስ በርሳችን እየተለማመድን፣ የደረት ራጅ ሲነሣ ሰውየው ፊቱን ወደ ዲቴክተሩ አዙሮ፣ አገጩን ቀና፣ ትከሻዎቹን ወደ ፊት አድርጎ፣ በጥልቀት አየር ስቦ እንዲይዝ ማድረግን መቶ ጊዜ ደጋግመናል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ምክንያት ነበረው፤ ትከሻው ወደ ፊት ሲመጣ የጀርባው የትከሻ አጥንቶች ከሳንባው ላይ ይነሣሉ፤ ልብ ወደ ደረት ፊት ለፊት የቀረበ በመሆኑ ጨረሩ ከጀርባ ሲገባና የጨረር ቱቦው ከዲቴክተሩ ያለው ርቀት 180 ሴንቲሜትር ሲሆን የልብ ጥላ ከልክ በላይ አይተልቅም። መቆም የማይችል ሕመምተኛ በተቀመጠበት ከፊት ወደ ኋላ ሲነሣ ደግሞ ይህንኑ በምስሉ ላይ መጻፍ ግዴታ መሆኑ ተነግሮናል፤ ካልተጻፈ፣ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ጤነኛ ልብ ተልቋል ብሎ ሊሳሳት ይችላልና።

የመጀመሪያው ድክመት የታየው ወደ ሆስፒታል የተግባር ልምምድ ስንወጣ ነው። በአንድ የራጅ ክፍል ውስጥ የተመደብነው ተለማማጆች ከክፍሉ አቅም በላይ ስለነበርን፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት አብዛኛውን ጊዜ ከመቆጣጠሪያው መስታወት ጀርባ ቆሜ የሌላውን እጅ በማየት አሳለፍሁ። የልምምድ መዝገቤ በፊርማ ይሞላ ነበር፤ እጄ ግን ሰው አልነካም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሕመም ላይ ያለ ሰው እንደ ክፍል ጓደኛ በታዘዘው መጠን አይታጠፍም።

ለውጡ የመጣው የሌሊት ተራ ሲደርሰኝና ልምድ ያላት አንዲት ባለሙያ አጠገቧ ስታሠራኝ ነው። ወድቀው የመጡ አንዲት አረጋዊት በቃሬዛ ገቡ። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲነሣ እግርን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ ማዞር እንደሚገባ ተምሬ ስለነበር እጄን ወደ እግራቸው ስዘረጋ፣ ባለሙያዋ ክንዴን ያዘችኝ። እግሩ አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ሲታይ የጭን አጥንቱ አንገት ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ አይዞርም። የጎን ምስሉ የሚወሰደው የተጎዳውን እግር ሳይነኩ፣ ደህነኛውን ከፍ አድርጎ ጨረሩን በአግድም በማሳለፍ ነው። እሷ ወደ ሕመምተኛዋ ጎንበስ ብላ፣ «እናቴ፣ እርስዎ ምንም አይንቀሳቀሱ፤ የምንንቀሳቀሰው እኛ ነን» አለቻቸው። ለተግባር ልምምድ ከተመደበልኝ ጊዜ ሁሉ በዚያ አንድ ሌሊት የበለጠ ተምሬአለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ አብልጬ የማነሣው ግን የተጣሉ፣ ማለትም ተበላሽተው የተሰረዙ፣ ምስሎች ግምገማ ነው። በፊልም ዘመን ጨረር የበዛበት ምስል ጠቁሮ ስሕተቱን ያጋልጥ ነበር። ዲጂታል መሣሪያ ግን የምስሉን ብርሃን ራሱ ያስተካክላል፤ እንዲያውም ጨረር ሲበዛ ምስሉ ይበልጥ ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ ባለሙያው ሳያውቀው ለሕመምተኛው የሚሰጠውን የጨረር መጠን ከወር ወር ሊያሳድግ ይችላል። ስለዚህ ኤክስፖዠር ኢንዴክሱን፣ ማለትም ዲቴክተሩ ላይ የደረሰውን ጨረር የሚያመለክተውን ቁጥር፣ ማንበብ የማይታለፍ ሥራ ነው፤ የተበላሸ ምስልም በአንድ ጠቅታ ከዓይን ስለሚሰወር፣ ለምን እንደተበላሸ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። አንዲት መምህራችን በየሳምንቱ የጣልናቸውን ምስሎች እየከፈቱ ከእኛ ጋር ይመረምሩ ነበር። አንድ ቀን የእኔ የጉልበት የጎን ምስል ተከፈተ፤ የጭን አጥንቱ ሁለት የታችኛው ጫፍ ጉብታዎች አልተደራረቡም ነበር። መምህርቷ አልተቆጡም፤ «ከዲቴክተሩ የራቀው ጉብታ የትኛው ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የውስጠኛው ጉብታ ስለሚርቅ ተልቆ እንደሚታይ፣ ቱቦውን ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ወደ ራስ አቅጣጫ ማዘንበልን እንደረሳሁ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። የሚያሳዝነው ይህ ግምገማ ለአንድ መንፈቅ ብቻ መሰጠቱና ከዚያ በኋላ መቋረጡ ነው፤ ሁለተኛው ዋና ድክመት ይህ ነው።

የጨረር መከላከያ ትምህርቱ መሠረቱ ጥሩ ነበር። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኞች የሚመክረው ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ)፣ በየትኛውም አንድ ዓመት ደግሞ ከ50 የማይበልጥ መሆኑን፣ ዶሲሜትርም (ሠራተኛው የተቀበለውን ጨረር የሚመዘግበው መሣሪያ) ለይስሙላ እንደማይታሰር በሚገባ ተምረናል። የማስተማሪያ ጽሑፉ ግን ሳይታደስ ቆይቷል። የመራቢያ አካልን ጨረር በሚያግድ ሊድ (እርሳስ ብረት) መሸፈን ሁልጊዜ የሚደረግ ተግባር ሆኖ ነው የቀረበልን። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019፣ የዚያው አገር ብሔራዊ የጨረር መከላከያ ምክር ቤት ደግሞ በ2021 ይህ ልማድ እንዲቀር መክረዋል። መሸፈኛው መታየት ያለበትን አካል ሊጋርድ ይችላል፤ ጨረሩን በራሱ የሚያቋርጠው መቆጣጠሪያ ላይ ካረፈም መጠኑን ሊጨምር ይችላል። ይህን ያወቅሁት ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው፤ በክፍል ውስጥ ሊነገረኝ ይገባ ነበር።

ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የተሰጡን በመግቢያ ደረጃ ነው፤ ለመጀመሪያ ሥልጠና ይህ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። የኤምአርአይ ማግኔት ማንም ባይኖርበትም ሁልጊዜ ሥራ ላይ እንደሆነ፣ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ወይም ሌላ ብረት በሰውነቱ ያለ ሰው ሳይጠየቅ በሩን እንዳያልፍ የተሰጠን ትምህርት በተለይ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነበር።

ሥልጠና ለመምረጥ የሚጎበኝ ሰው የመሣሪያውን አዲስነት ከማየቱ በፊት፣ በአንድ ክፍል ስንት ተለማማጅ እንደሚመደብና ተማሪው የጣለውን ምስል ማን፣ በየትኛው ቀን አብሮት እንደሚመለከት ይጠይቅ። እኔ ለተማርሁበት ተቋም የምስል ግምገማው እስከ ምረቃ ድረስ እንዲቀጥል በጽሑፍ አሳስቤአለሁ፤ የሚፈልጉኝ ከሆነም በሥራ ላይ የጣልኋቸውን ምስሎች የሕመምተኛውን ማንነት አጥፍቼ ለተማሪዎቹ ለማሳየት ፈቃደኛ መሆኔን በዚያው ደብዳቤ ገልጫለሁ።