ከእናቴ የክት ቀሚሶች የተሰፋ የአልጋ ልብስ

እናቴ ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለዓመት በዓል ስትለብሳቸው የነበሩ ሰባት የክት ቀሚሶች ለብዙ ዓመታት በሣጥን ውስጥ ታጥፈው ተቀምጠው ነበር። እሷ ሰውነቷ ስለቀነሰ፣ እኛ ልጆቿም በቁመት ስለምንበልጣት የሚለብሳቸው ሰው በመጥፋቱ፣ በእሷ ፈቃድ ሁሉንም ወደ አንድ የአልጋ ልብስ ለመለወጥ ወሰንን። ሥራውን የሰጠነው በሽሮ ሜዳ ለሚገኝ አነስተኛ ስፌት ቤት ሲሆን፣ ይህን አስተያየት የምጽፈው አንድ ክረምት ሙሉ ከተጠቀምንበትና ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ነው።

ባለሙያዋ ዋጋ ከመናገሯ በፊት ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ዘርግታ በጨርቃቸው ዓይነት ለየቻቸው፤ አራቱ የእጅ ፈትል፣ አንዱ መነን፣ አንዱ ከፋይ፣ አንዱ ደግሞ ሳቲን ነበሩ። ከዚያም ወደ እናቴ ዞራ «እማማ፣ ጥለቱን ልቁረጠው ወይስ እንዳለ ይኑር?» ስትል ጠየቀቻት። ይህ ጥያቄ ሙያዋን እንዳምን አድርጎኛል። ጥለት ከላይ የተለጠፈ ጌጥ ሳይሆን ሸማኔው ከጨርቁ ጋር አብሮ የሸመነው በመሆኑ፣ መሐሉ ላይ በመቀስ ከተቆረጠ ክሩ ይተረተራል፤ ንድፉም ይበላሻል። እናቴ በ1974 ዓ.ም. የተዳረችበት ቀሚስ ጥለት እንዳይነካ ስለፈለገች፣ ከደረት እስከ እግር የሚወርደው ጥበብ እንዳለ ወጥቶ በአልጋ ልብሱ መካከል ከራስጌ እስከ ግርጌ ተዘርግቷል። የሌሎቹ ቀሚሶች ጨርቅ በ25 ሴንቲ ሜትር ካሬ እየተቆረጠ በግራና በቀኝ ተሰድሯል።

በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ፈትሉ ከመቆረጡ በፊት ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ጥላ ሥር ደርቋል። ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነና ሲጎትቱት ስለሚለጠጥ፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሥር አቡጀዲ ገበር ተደርጎለታል። ለመሐሉ ሙሌት እኔ ባዘቶ አስቤ ነበር፤ ባለሙያዋ ግን ባዘቶ በደንብ ካልተጠቀጠቀ በእጥበት ጊዜ እየተንሸራተተ እንደሚከመር አስረድታ፣ በቤታችን የነበረውን አሮጌ ጋቢ እንድናመጣ መከረችን። የጋቢው ስፌት ተፈትቶ አራቱ ድርብ ወደ ሁለት ሲዘረጋ 2 ሜትር በ2.20 የሆነውን የአልጋ ልብስ በሚገባ ሸፈነው። ክብደቱ ለአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ ልክ ነው። ቀድሞ በእናቴ ትከሻ ላይ የነበረ ጋቢ መሐል መግባቱም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

አክስቴ ስለ ሐሳባችን መጀመሪያ ስትሰማ «እህቴን ድሪቶ ልታለብሷት ነው?» ብላ ተቆጥታን ነበር። ድሪቶ በእሷ ዘመን የችግር ምልክት ስለነበር ቁጣዋ ይገባኛል፤ ሆኖም ከብጥስጣሽ ጨርቅ ሙቀት ያለው ልብስ ያወጡ እናቶች ሙያ ከዚህ የበለጠ ክብር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ሥራው አልቆ ስታየው ከግርጌው በኩል ባለው አረንጓዴ ጥለት ላይ እጇን አሳርፋ፣ ቀሚሱ የራሷ እንደነበርና ለታላቅ ወንድሜ ክርስትና ለእናቴ አውሳት እንደቀረ ነገረችን። ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ጉድለቱ በሳቲኑ ላይ ነው። ጨርቁ ከመንሸራተቱም በላይ ጫፉ ቶሎ ይተለተላል፤ አንዱ ቁራጭ ላይም ከልክ በላይ የጋለ ካውያ አርፎበት የማይለቅ አብረቅራቂ ምልክት ቀርቷል። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ፈትሉ በጥቂቱ ሲሰበሰብ ሳቲኑ ባለበት በመቅረቱ፣ ሁለቱ የተገናኙበት መስመር ተጨማደደ፤ በሁለት ቦታም ስፌቱ ለቀቀ። ባለሙያዋ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መልሳ ብትሰፋውም፣ ሳቲኑን ከመጀመሪያው ለይታ ለትራስ ልብስ ብቻ ብታውለው ኖሮ የተሻለ ይሆን ነበር። በአራት ሳምንት ይደርሳል የተባለው ሥራ ስድስት ሳምንት መፍጀቱና በመካከሉ ስልክ አለመነሣቱም አስከፍቶናል።

ጋቢውንና አቡጀዲውን እኛ አቅርበን ለጉልበት 8,500 ብር ከፍለናል፤ ለእጁ ጥራት ዋጋው ተገቢ ነው እላለሁ። ትርፍራፊው ጨርቅ ሳይጎድል ተመልሶልናል። ፈትልና መነን ላለው ሰው ቤቱን ያለ ስጋት እጠቁማለሁ፤ ሳቲንና ሺፎን ለያዘ ግን ሌላ ባለሙያ እንዲያማክር እመክራለሁ። ከሁሉ በፊት ግን መቀስ ሳይነካቸው ቀሚሶቹን ሰው ለብሷቸው ፎቶ አንሷቸው። እኛ ይህን ስላላደረግን፣ እናቴ የመነኑ ቀሚስ አንገት ጥልፍ ምን ይመስል እንደነበር ስትጠይቀን የምናሳያት ነገር አልነበረንም።