ኩላሊቴን እባጭ ያሉት ቦታና ያላሉት ቦታ

አዲስ አበባ በቆየሁበት ወር ዓመታዊ የአልትራሳውንድ ምርመራዬ ደረሰ፤ እዚያው ላድርገው አልኩ። ለአንድ ምርመራ ሁለት ቦታ ከፈልኩ።

ሁለቱ ኩላሊቶቼ ከታች ተጣብቀው የፈረስ ጫማ መስለዋል። ከ400 እስከ 600 ሰው አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፤ ብዙው ሳያውቀው ይኖራል። እኔም ያወቅሁት አኦርታዬ፣ ማለትም ከልብ ወደ ሆድ የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ ሆዴ ውስጥ 5.6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ማበጡ ሲታወቅ ነው። ጤነኛው 2 ገደማ ነው፤ ወንድ ላይ 5.5 ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ይጠገናል። ሆድ ተከፍቶ እንዳይጠገን፣ ኩላሊቶቹ የተጣበቁበት ሥጋ ልክ አኦርታው ፊት ተጋድሞ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ በሁለቱ ብሽሽቶቼ ገብተው በጨርቅ የተሸፈነ ስቴንት፣ ማለትም የሽቦ ቱቦ፣ ከውስጥ ዘረጉልኝ፤ በሦስተኛው ቀን ቤቴ ነበርኩ። በነጻ ግን አልሆነም። እንዲህ ያለ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ትርፍ ደም ቧንቧ አለው፤ ከእብጠቱ የሚነሳውን አንዱን ቀጭን ቧንቧ ስቴንቱ ስለሸፈነው፣ እሱ ይመግበው የነበረው የኩላሊት ክፍል ሞተ። የኩላሊት ሥራ የሚለካበት የደም ምርመራ፣ ክሬያቲኒኔም፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀረ። ሐኪሜ ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ፣ ኩላሊት ሊጎዳ የሚችል ማድመቂያ) ያለው ሲቲ ስካን ቀንሶ በአልትራሳውንድ የሚከታተለኝ ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቦታ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው። ንጹሕ ነው፣ ካርድ ቶሎ ይወጣል። ባለሙያው ግን ምንም ሳይጠይቅ ጄሉን ቀብቶ ጀመረ፤ ቆይቶ ዝም አለ።

«አባባ፣ ከሰው ጋር ነው የመጡት?»

አገሬን ስለማውቅ ገባኝ። ሪፖርቱ ላይ «ከአኦርታ ፊት ለፊት እባጭ፣ ዕጢ ሊሆን ይችላል» ተጽፏል። ኩላሊቴ ነው ስለው «ሐኪምዎን ያማክሩ» አለኝ። እህቴ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች።

ሁለተኛው ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ዋጋው ወደድ ይላል። ራዲዮሎጂስቷ መሣሪያውን ሳታነሳ «ጋሼ፣ የድሮ ሲዲ ይዘዋል?» አለች። ይዤ ነበር። እሱን አይታ ስትጨርስ ለካችኝ፤ እብጠቱ ወደ 4.9 ወርዷል፣ በስቴንቱ ዙሪያ ደም የሚያፈስ አልታየም። ከዚያ እህቴን ጠርታ ስክሪኑን አሳየቻት፦ «ይቺ ድልድይ የምትመስለው ኩላሊታቸው ናት።» እህቴ አሁንም ሙሉ በሙሉ ያመነች አይመስለኝም።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም፤ የምትወጡትም በባዶ ሆድ ነው።